ልጅ የማያስተረጉመው ሕመም

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ከባሌ፣ ከሲናና ገጠር የመጣች እናት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ክትትል ክፍል፣ ሐኪሙ ፊት ተቀምጣለች። አጠገቧ ወንድ ልጇ አለ። እሷ አማርኛ አይሆንላትም፤ ሐኪሙ ደግሞ አፋን ኦሮሞ አይሰማም። ስለዚህ ልጁ መሐል ሆኖ ያስተረጉማል። ክኒኑን በየቀኑ ይውጣሉ? ትውጣለች። ጠባሳው ያምዎታል? አያማትም። ክንድዎ ያብጣል? ሥራ ሲበዛባት። «ሌላ ችግርስ አለ፣ እናቴ?» ልጁ ይህንንም ይጠይቃታል። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፤ መልሳ ትፈታዋለች። «የለም» ትላለች። «የለም ትላለች» ይላል ልጁ። ሐኪሙ የሦስት ወር መድኃኒት ይጽፋል። ቀጣዩ ተራ ይጠራል።

ችግሩ ግን አለ። ሽንቷ ሲወርድ ያቃጥላታል። ብልቷ ደርቆ ሲያሳክካት ሌሊቱን ትገላበጣለች። ከባለቤቷ ጋር ስትተኛ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ይሰማታል፤ በማግስቱ አንዳንዴ የደም ጠብታ ታያለች። ይህን በገዛ ልጇ አፍ እንዴት ታስነግረው? የትኛዋስ የባሌ እናት ታስነግራለች?

ስለ ጡት ካንሰር ጥቅምት በመጣ ቁጥር ብዙ እንሰማለን። ጡትሽን ዳብሺ፣ እብጠት ካገኘሽ ቶሎ ታከሚ እንባላለን። ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ዓመት ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ብዙዎቹ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው፣ ትዳር ላይ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ታክማ የዳነችው ሴት ቤቷ ከገባች በኋላ ምን እንደሚገጥማት ግን የሚያወራ የለም።

ከባሌ ደጋ ሲታይ ዝምታው የበለጠ ይከብዳል። ሮቤና ጎባን የሚያራርቃቸው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ ግን 430 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ጎባ ላይ ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ የጨረር ሕክምና ግን ባሌ ውስጥ የለም። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሐረርም ጀምረዋል። ስለዚህ የባሌ ሴት በዲንሾ፣ በአዳባ፣ በዶዶላና በሻሸመኔ አድርጋ ወደ መሐል አገር ትጓዛለች። ለጉዞው ገብስ ይሸጣል፣ በግ ይነዳል፣ ዘመድ ቤት ማደሪያ ይለመናል። በዚህ ሁሉ መከራ የተደረሰበት ቀጠሮ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ላይ «ደግሞ ብልቴ ደርቆ» ማለት ለብዙዋ ሴት ቅንጦት ይመስላታል። ሕይወቴን ላዳኑልኝ ሰዎች በዚህ ላማርር? ትላለች።

ቅንጦት አይደለም። እንዴት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ቅንጦት አይለውም።

ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የሴትን ብልት ግድግዳ ወፍራም፣ ተለጣጭና እርጥብ አድርጎ ያቆያል። ወደ አካባቢው በቂ ደም እንዲደርስም ያደርጋል። ግድግዳው ውስጥ የሚጠራቀመውን የስኳር ዓይነት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እየተመገቡ አሲድ ይሠራሉ፤ የጤነኛ ብልት ፒኤች ከ3.5 እስከ 4.5 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሲዱ ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይራቡም ይከላከላል። ኤስትሮጅን ሲጎድል ግድግዳው ይሳሳል፣ ይገረጣል፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። አሲዱ ይቀንሳል። የሽንት ቧንቧውም በዚሁ ሆርሞን የሚኖር ስለሆነ ማቃጠሉ፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣቱና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽኑ ይከተላል።

የጡት ካንሰር ሕክምና ደግሞ ዒላማው ብዙ ጊዜ ይኸው ሆርሞን ነው። አዲስ አበባ ላይ የተመረመሩ ዕጢዎች እንደሚያሳዩት ከኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ካንሰራቸው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ነው። ካንሰሩን የሚያስርበው መድኃኒት ብልትንም ያስርባል። ኬሞቴራፒ፣ በተለይ ሳይክሎፎስፋሚድ ያለበት፣ የእንቁላል ማምረቻውን ሊያዳክም ይችላል፤ የ40 ዓመቷ ሴት በጥቂት ወራት ውስጥ ልታርጥ ትችላለች። በተፈጥሮ ያረጠች ሴት ዓመታት ወስዳ የምትደርስበትን ይህችኛዋ በአንድ ክረምት ትደርስበታለች። አናስትሮዞልና ሌትሮዞል የሚባሉት ክኒኖች ሰውነት የቀረችውን ጥቂት ኤስትሮጅን እንኳ እንዳይሠራ ስለሚያደርጉ ድርቀቱን ያብሱታል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ታሞክሲፈን ጠባዩ ለየት ይላል፤ አንዷን ያደርቃታል፣ ሌላዋን ፈሳሽ ያበዛባታል።

አንድ ነገር ሳይረሳ ይነገር። ከማረጥ ጋር የሚመጣው ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። የብልት ድርቀት ግን ዝም ሲሉት እየባሰ የሚሄድ ነው። «ታገሺው ያልፋል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

የዝምታው ዋጋ መኝታ ቤት ውስጥ አያበቃም። ታሞክሲፈን በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚዋጥ ክኒን ነው። በሆርሞን የሚያድግ ካንሰር ያለባት ሴት 5 ዓመቱን ስትጨርስ በሚቀጥሉት ዓመታት በበሽታው የመሞት ዕድሏ በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ታይቷል። ግን መጨረስ አለባት። በደቡብ ኢትዮጵያ 8 ሆስፒታሎች ላይ የተደረገና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ፈትኗል። በግማሾቹ ሆስፒታሎች ለጡት ካንሰር የሠለጠኑ ነርሶች ታካሚዎቹን እየተከታተሉ አነጋገሯቸው፤ በተቀሩት የተለመደው አሠራር ቀጠለ። ነርስ ካነጋገረቻቸው ሴቶች ከ10 ሰባት ያህሉ መድኃኒቱን በአግባቡ ሲወስዱ፣ በሌሎቹ ሆስፒታሎች ግማሽ እንኳ አልሞሉም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚያነጋግር ሰው መኖሩ ነው። ክኒኑ ትዳሬን አቀዘቀዘው ብላ የምታስብ ሴት የምትነግረው ሰው ካጣች የምታደርገው ቀላል ነው፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ትተዋለች። እኔ በበኩሌ በዚህ አልፈርድባትም። የምፈርደው ያልጠየቃት ላይ ነው።

ሮቤ ላይ መድኃኒት ቤት የምትገባ ሴት ምን እንደሚገጥማት መገመት አይከብድም። ወንዶቹ እስኪወጡ ጥግ ይዛ ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ለድርቀት የሚሆን ነገር አላችሁ?»

«ለሆድ ድርቀት ነው፣ እናት?» ትላለች ባለሙያዋ፣ ድምጿን ሳትቀንስ።

«እሺ፣ እሱም ይሁን።»

የሆድ ማለስለሻ ገዝታ ትወጣለች።

ሁለት ዓይነት ነገር እንዳለ ብታውቅ ኖሮ መጠየቁ ይቀላት ነበር። አንደኛው ማርጠቢያ ነው። ግንኙነት ኖረም አልኖረም፣ ማታ ስትተኛ ወደ ብልት ውስጥ የሚገባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እርጥበት የሚይዝ ጄል ነው፤ ፖሊካርቦፊል ወይም ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለባቸው ይገኛሉ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደረጋል፤ የካንሰር መድኃኒት ላይ ላለች ሴት በሳምንት እስከ 5 ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ሁለት ቀን ሞክሮ መተው አይጠቅምም። ሆርሞን የለበትም። ሁለተኛው ማለስለሻ ነው፤ ለግንኙነቱ ሰዓት ብቻ የሚሆን፣ ለሴቷም ለወንዱም የሚቀባ። በውሃ የተሠራው ቶሎ ይደርቃል፣ ይጨመርበታል፤ በሲሊኮን የተሠራው ይቆያል። ሽታ ያለው፣ የሚያሞቅ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ሁሉ ለሳሳ ቆዳ ጠላት ነው። የተባለው ጄል ሮቤም ጎባም ከጠፋ፣ ለክትትል አዲስ አበባ ስትሄድ ከመድኃኒቷ ጋር እንዲታሰብላት አስቀድማ ለነርሷ መንገር ትችላለች።

ቫዝሊንስ? ባሌ ላይ ይህ ጥያቄ የግድ ይመጣል። ጎባ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከሳኔቲ አምባ የሚወርደው ብርድ ፊትና ተረከዝ ስለሚሰነጥቅ ቫዝሊን የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ለብልት ውጭኛው ከንፈር በስሱ መቀባት አይከፋም። ወደ ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በ141 ሴቶች ላይ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር፣ ቫዝሊን ወደ ውስጥ የሚጠቀሙ ሴቶች የባክቴሪያ መዛባት የሚያገኛቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

የወይራ ዘይት የተሻለ ስም አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 25 ከጡት ካንሰር የዳኑ ሴቶችን ሦስት ነገር አስተማራቸው፤ ማርጠቢያ ጄል በሳምንት የተወሰኑ ቀናት፣ ለግንኙነት የወይራ ዘይት፣ እና የዳሌ ሥር ጡንቻን የማላላት ልምምድ። ሕመማቸው ቀንሷል፣ ፍላጎታቸውም ተሻሽሏል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገሩ ግን በቀላሉ የሚሞከር ነው። ሃይማኖታዊ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች የሚገኘው ንጹሕ የወይራ ዘይት ምንም ያልተቀላቀለበት ከሆነ ይሆናል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ግን አይሆንም፤ ያቃጥላል። ማርም፣ የሐረና ደን ማር እንኳ ቢሆን፣ ቦታው አይደለም። ዘይትና ቫዝሊን የላቴክስ ኮንዶምን እንደሚበጥሱም መታወቅ አለበት፤ ኮንዶም የሚጠቀሙ ባልና ሚስት በውሃ ወይም በሲሊኮን የተሠራውን ይያዙ።

እጥበት ላይ ደግሞ ብዙ ሴቶች በራሳቸው ላይ ይጨክናሉ። ማቃጠሉን ንጽሕና የጎደለ መስሏቸው በሳሙና፣ በዴቶል፣ በጨው ውሃ ያጥቡታል። በሚያደርቀው መድኃኒት ላይ ሌላ የሚያደርቅ ነገር መጨመር ነው። ለሶላት የሚደረገው በንጹሕ ውሃ የውጭ መታጠብ ምንም ጉዳት የለውም፤ ከዚያ ያለፈው አያስፈልግም። ጢስ መሞቅም፣ ለወግ ያህል ደስ ቢልም፣ ለሳሳ ቆዳ አይመከርም። ሽንት ያቃጠላት ሁሉ ደግሞ «ዩቲአይ (የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን) ነው» ተብላ ሽንቷ ሳይመረመር አንቲባዮቲክ በላይ በላዩ መውሰድ የለባትም፤ ከዚያ የሚከተለው ፈንገስ የባሰ ያሳክካል።

ጡንቻን ማላላት የተባለው ቀልድ አይደለም። አንዴ የታመመች ሴት በሚቀጥለው ጊዜ ሕመሙ ሳይመጣ በፊት ሰውነቷ ይሸማቀቃል፤ የዳሌ ሥር ጡንቻዋ ሳታዘው ይዘጋል፤ ሲዘጋ ሕመሙ ይብሳል። በጥልቅ እየተነፈሱ ጡንቻውን መጭመቅና መልቀቅ፣ በተለይ መልቀቁን መለማመድ፣ ይህን ሰንሰለት ይፈታል። ችኮላም አይሆንም። ሰውነቷ ለመዘጋጀት ከድሮው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ የውጭ ጽሑፎች የማያነሱት የእኛ ጉዳይ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል፤ በኦሮሚያ ከዚህም ይበልጣል። የግርዛት ጠባሳ ያለው ቦታ ድሮም በቂ መለጠጥ የለውም። ድርቀት ሲጨመርበት በሌላ አገር ሴት ላይ መቆጥቆጥ የሚሆነው እዚህ መቀደድ ይሆናል። ለዚህች ሴት ጄል ብቻ አዞ መሸኘት አይበቃም፤ የማህፀን ሐኪም ጠባሳውን ማየት አለበት።

ሕመሙ መግቢያው ላይ የሆነባት ሴት ሌላም አማራጭ አላት። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ 46 ከጡት ካንሰር የዳኑ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ 4 በመቶ የሆነ የሊዶካይን ማደንዘዣ ፈሳሽ በጥጥ ተደርጎ ከግንኙነት በፊት ለ3 ደቂቃ መግቢያው ላይ ተያዘ፤ ማለስለሻም ተጨመረ። እስከ መጨረሻ ከቆዩት 41 ሴቶች 37ቱ ያለ ሕመም ግንኙነት ማድረግ ቻሉ። ወንዶቹም አልደነዘዙም። ሊዶካይን በየሆስፒታሉ ያለ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ መጠኑንና ቦታውን ግን ሐኪም ማሳየት አለበት።

ይህ ሁሉ ካልረዳስ? በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ክሬም ወይም ፍሬ አለ። የሚያስፈራ ይመስላል፤ ካንሰሩ የሚፈልገው ሆርሞን አይደለም እንዴ? የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር፣ ሆርሞን የሌላቸው መፍትሔዎች ይቅደሙ፣ ካልሠሩ ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ተመክሮ ይሰጣት የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት መረጃዎች ፍርሃቱን አቅልለውታል። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው የስኮትላንድና የዌልስ ጥናት ወደ 49 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎችን ተመልክቶ ክሬሙን በተጠቀሙት ላይ በጡት ካንሰር የመሞት ጭማሪ አላገኘም። ከዚያ በፊት በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴንማርክ ጥናት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ እነ ሌትሮዞልን እየወሰዱ ክሬሙን የተጠቀሙ ሴቶች ላይ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛ ነገር አይደለም።

የወሊድ መከላከያን በተመለከተ ደግሞ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የወር አበባ መቅረት ሁልጊዜ መካንነት አይደለም፤ ታሞክሲፈን ላይ እያሉ ማርገዝ ለጽንሱ አደገኛ ነው። በአገራችን በብዛት የተለመደው የሦስት ወር መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና ክኒኑ ሆርሞን ናቸው፤ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት እንድትወስዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት አይፈቅድም። ለእሷ የሚሆነው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጇ ስትመጣ ሴትየዋ የጡት ካንሰር ታክማ እንደነበር ካልነገረቻት መርፌውን ልትወጋት ትችላለች።

ታሞክሲፈን የምትወስድ፣ ያረጠች ሴት ደም ካየች «ድርቀቱ ነው» ብላ አትለፈው። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል መመርመር አለባት። የማህፀን በር ምርመራ ሲደረግላትም መመርመሪያው አነስተኛው እንዲሆንና ማለስለሻ እንዲቀባ መጠየቅ መብቷ ነው።

ስለ ባልየው ሳይነገር አይታለፍም። የብዙ ሴቶችን አፍ የሚያስይዘው ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ «እምቢ ካልኩት ሌላ ያገባል» የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ከአየር ላይ አልመጣም፤ በአካባቢው የሚታወቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ጡቷን ያጣች ሚስቱን ላለማሳመም ፈርቶ የሚርቅ፣ እሷ ግን ጠላኝ ብላ የምታለቅስበት ባልም አለ። ሁለቱም ያልተነጋገሩበት ነገር አንድ ነው። ባልየውን ወደ ክትትሉ መጋበዝ፣ ሕመሙ ከሰውነት እንጂ ከልብ እንዳልመጣ ሐኪሙ ራሱ እንዲነግረው ማድረግ፣ ከማንኛውም ጄል ያላነሰ ያግዛል።

ለጎባና ለሮቤ የጤና ባለሙያዎች የምለው አንድ ነው። ታሞክሲፈን ለመውሰድ የምትመጣውን ሴት በሴት ነርስ፣ በቋንቋዋ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ ውጭ እንዲቆይ ተደርጎ ሁለት ጥያቄ ጠይቋት። ሽንትሽ ያቃጥልሻል ወይ? ከባለቤትሽ ጋር ስትተኚ ያምሻል ወይ? ለዚህ መሣሪያም በጀትም አያስፈልግም።

አንቺ አንባቢዬ ደግሞ፣ ይህ የራስሽ ታሪክ ከሆነ፣ ክኒኑን አታቋርጪ። በረመዳንም በአፍጥር ወይም በስሑር ሰዓት መዋጥ ይቻላል። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ልጅሽን ውሃ ግዛልኝ ብለሽ ላኪውና ነርሷን «ብልቴ ደርቋል፣ ሆርሞን የሌለው ማርጠቢያ እፈልጋለሁ» በያት። አማርኛው ካስቸገረሽ ይህን ዓረፍተ ነገር በወረቀት አስጽፈሽ ያዥ።